የሰውነታችን ዘበኛ እንዲበረታ በቤታችን ምን እናድርግ?

ውድ እናቶች፣ ውድ አባቶች፣ እናቶቻችሁንም አጅባችሁ የመጣችሁ ልጆች፤ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደምቢያ ተነሥታችሁ፣ የቤታችሁንም ሥራ አቆይታችሁ እዚህ ማራኪ ድረስ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ሰውነታችን በሽታን ስለሚከላከልበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል ከየት ይመጣል? በምን ይበረታል? በምንስ ይደክማል? በገንዘብ የሚገዛ ነውን? ወይስ በየጓዳችን ባለው ነገር ልናገኘው እንችላለን? ይኸን ጥቂት በጥቂት እንመልከተው።

ሁላችሁም ያያችሁት ነገር አለ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕፃናት ጉንፋን ይይዛቸዋል። አንደኛው በሦስት ቀን ድኖ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የሁለተኛው ሳል ግን ወደ ደረቱ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ይፋጠናል፤ ጡት መያዝ ያቅተዋል። በሽታው አንድ ሲሆን ልጆቹ ለምን ተለያዩ? አንዳንድ ሰው ዕድሉ ነው ይላል፤ አንዳንዱም የሰው ዓይን ነው ይላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ያለው በልጆቹ ሰውነት ውስጥ በሚገኘው ዘበኛ ላይ ነው። የአንደኛው ዘበኛ በልቶ ጠግቦ፣ ነቅቶ ሲጠብቅ የሁለተኛው ዘበኛ ርቦት አንቀላፍቷል።

ዘበኛው ማን ነው?

ማሽላ የዘራ ገበሬ እህሉ ሲያፈራ ምን ያደርጋል? ዙሪያውን አጥር ያጥራል፤ ማማ ይሠራል፤ ወንጭፍ ይዞ ወፍና ጦጣ ይጠብቃል። ሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። አጥሩ ቆዳችን ነው። በአፍንጫችንና በጉሮሯችን ያለው ንፍጥ ትቢያንና ተሕዋስያንን ይይዛል። ከምግብ ጋር የገባውን ተሕዋስ ደግሞ ጨጓራችን ውስጥ ያለው ኮምጣጣ አሲድ ይገድለዋል። አጥሩን አልፎ የገባ ቢኖር በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህም በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩ ናቸው። ወራሪውን ከብበው ይውጡታል፤ የሚያጠፋውንም መድኃኒት ራሳቸው ያዘጋጃሉ።

ይህ ዘበኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው፤ ይኸውም አለመርሳቱ ነው። አንድ ጊዜ ኩፍኝ የወጣለት ልጅ ዳግመኛ የማይወጣለት ዘበኛው የኩፍኙን መልክ አውቆ ስለሚጠብቀው ነው።

እንግዲህ ዘበኛው ሥራውን እንዲሠራ አራት ነገር ይፈልጋል። 1ኛ፤ ምግብ። 2ኛ፤ ዕረፍትና ንጹሕ አየር። 3ኛ፤ ያልተበጠሰ አጥር፣ ማለት ንጽሕና። 4ኛ፤ ሌባውን አስቀድሞ የሚያሳውቀው፣ ማለት ክትባት። አራቱንም በየተራ እናያለን።

የመጀመሪያው ስንቅ እንገር ነው

ልጅ እንደ ተወለደ የእናቱ ጡት ወፈር ያለ ቢጫ ወተት ያወጣል። ይህም እንገር ይባላል። በአገራችን ብዙ ቤት ይህ ወተት ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ያሳምማል እየተባለ ታልቦ ይደፋል። በምትኩም ለአራሱ ልጅ ቅቤ ያቀምሱታል፣ ወይም ስኳር በውሃ፣ ወይም የአብሽ ውሃ ይሰጡታል።

እስቲ እናንተን ከብት አርቢዎቹን ልጠይቅ። ላም ስትወልድ ጥጃዋን ከእንገሩ የሚከለክል ገበሬ አለ? የለም። እንገር ያላገኘ ጥጃ እንደማይጠና ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ታዲያ ለጥጃ ያልነፈግነውን ለልጃችን ስለ ምን እንነፍጋለን? የሰውም እንገር እንደዚሁ ነው። እናቲቱ በዕድሜዋ የተዋወቀቻቸውን በሽታዎች የሚከላከል ነገር በውስጡ አለና ለሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ለማለት ይቻላል። የሕፃኑ ዘበኛ ገና ሥራ አልለመደም፤ እናቲቱ የራሷን ዘበኛ የምታበድረው በዚህ ወተት ነው። ቅቤውና የአብሽ ውሃው ግን በጣትና በማንኪያ ተሕዋስ ይዘው ይገባሉ፤ ያንን ለስላሳ አንጀት ያቆስላሉ።

ስለዚህ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እንገሩም አይደፋ። እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። «በዚህ በጋ ሙቀት ልጄ ውኃ አይጠማውም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። አይጠማውም፤ የእናት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። ሲጠማው ጡት ይስጡት፤ ቀንም ሌሊትም።

ከስድስት ወር በኋላ ድስቱ ይነገር

ስድስት ወር ሲሞላ ጡት ብቻውን አይበቃም። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ ምግብ ግን ይጨመራል። የብዙ ልጆች ክሳትና ሕመም የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የምንሰጣቸው ቀጭን አጥሚት ሆዳቸውን ይነፋል እንጂ ሰውነታቸውን አይገነባም። ገንፎው በማንኪያ ሲያነሡት ጠብ የማይል፣ ማንኪያውንም ሲያዘነብሉት ፈጥኖ የማይፈስ ይሁን። ዱቄቱ ከሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ ይደባለቅ። ለምሳሌ ሦስት ጣሳ ገብስ ወይም ስንዴ ቢሆን አንድ ጣሳ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም አተር ተቆልቶ አብሮ ይፈጭ። ሲበስል ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት፣ ቢገኝም ወተትና እንቁላል ይግባበት።

የልጁ ዓይንና የመተንፈሻ ቧንቧው ሽፋን እንዲጠነክር ቫይታሚን ኤ የሚባለው ነገር ያስፈልገዋል። ይኸንንም ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። የደረሰ ዱባ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ የእንቁላል አስኳል ይዘውታል። ጎመኑን አድቅቃችሁ ከትፋችሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ገንፎው ላይ ጨምሩት። ዶሮዋ ከጣለችው እንቁላል ሁሉ ለገበያ አይሂድ፤ ጨውና ቡና መግዛቱ ግድ ቢሆንም ለትንሹ ልጅ አንድ አንድ ይቅርለት። ዛሬ የሸጣችሁትን እንቁላል ነገ ለሕክምና ታወጡታላችሁና።

አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ላንሣ። በጾም ወራት ብዙ እናት ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት መስጠት ትተዋለች። ልጁ ይጹም ብላ አይደለም፤ ድስቱና ማንኪያው ይነካብኛል ብላ ነው። ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ብትቆጥሩ ከዓመቱ ግማሽ የሚያህል ጊዜ ነው። ለሁለት ዓመት ሕፃን ይህ እጅግ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ይጹም ብላ አታዝም። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ በሌላ ስፍራ አስቀምጡ። የእናንተ ጾም አይፈርስም፤ ልጁም አይራብም። ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ደግሞ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሙስሊም እናቶቼም፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች የረመዳንን ጾም ለሌላ ጊዜ ማቆየት እንደሚፈቀድላት የሃይማኖት አባቶቻችሁ ይነግሯችኋል።

ስለ እናቲቱ ለአባቶች የምለው

አባቶቼ፣ ይኸን ለእናንተ ነው የምናገረው፤ እንደ ልጃችሁ አይታችሁ ስሙኝ። በቤታችን ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚበላው ማን ነው? መጨረሻስ? እናት እንስራ ተሸክማ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጋግራ፣ ሁሉን አብልታ ከተረፈው ትቀማምሳለች። ነፍሰ ጡር ብትሆን ግን ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ ጨምራ፣ የምታጠባ ብትሆን ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት ይገባታል። ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የደም ማነስ መከላከያ ኪኒንም ሳታቋርጥ ትዋጥ። የራሷ ዘበኛ የተራበ እናት ለልጇ ምን ታበድራለች? እንግዲህ ውኃውን ጄሪካን በአህያ ብታመጡላት፣ ማዕዱንም አብራችሁ ብትቀርቡ ክብራችሁ አይቀንስም፤ ቤታችሁ ይጠናል።

አጥሩ እንዳይበጠስ፤ እጅ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት

ልጅ ተቅማጥ ሲመላለስበት አንጀቱ ይቆስላል፤ የበላውም ምግብ አይዋሐደውም። ምግቡ ካልተዋሐደው ደግሞ ዘበኛው ይራባል፤ ዘበኛው ሲራብ ሌላ በሽታ ይገባል። እንዲህ እየተባለ አንዱ በሽታ ሌላውን ይጠራል። ይኸን ገመድ የሚበጥሰው ትልቁ መሣሪያ እጅ መታጠብ ነው።

እጅ የሚታጠበው መቼ ነው? 1ኛ፤ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጡ። 2ኛ፤ ሕፃኑን ካጸዳችሁ በኋላ። 3ኛ፤ ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት። 4ኛ፤ ከመብላታችሁ በፊት። 5ኛ፤ ልጁን ከማብላታችሁ ወይም ከማጥባታችሁ በፊት። በውኃ ብቻ ማስነካት መታጠብ አይባልም። በሳሙና ይሁን፤ ሳሙና ከጠፋም በንጹሕ አመድ እሹት። ውኃ አነሰን የምትሉ፣ አሮጌ ጄሪካን ከታች በምስማር ብሱ፤ ቀዳዳውን በእንጨት ውተፉ፤ በመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስቀሉት። ቡሹን ነቀል ሲያደርጉት ጥቂት ውኃ ይወርዳል፤ ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ አይፈጅም። ከሥሩ ጎመን ብትተክሉበት የታጠባችሁበት ውኃ ያጠጣዋል።

የሕፃን ሰገራ አይጎዳም የሚባለው ስሕተት ነው፤ እርሱም እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ ተሕዋስ አለበት፤ ወደ ጉድጓድ ይጣል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ክዳን ይኑረው፤ ዝንብ ከዚያ ተነሥታ እንጀራ ላይ፣ ከእንጀራም ሕፃኑ ዓይን ላይ ታርፋለችና። ፊት በየቀኑ ይታጠብ፤ ይህ ዓይን ከሚያጠፋው ከትራኮማ ያድናል። የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ እስኪንተከተክ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ አፉ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። ልጆች ጫማ ያድርጉ፤ የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ገብቶ ደም ይመጣልና።

አጥሩን በገዛ እጃችን የምንበጥስበትም ጊዜ አለ። እንጥል ማስቆረጥና የሕፃን ድድ ፈልፍሎ «ግግ» ማውጣት ይኸው ነው። በምላጭ የተከፈተ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍና ለሌላም መርዝ በር ይከፍታል፤ ደምም ያፈስሳል። ሳሉም፣ ተቅማጡም በዚህ አይድንም።

ጭስ፣ ዕረፍትና ፀሐይ

በደጋው አገር ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ ቤቱ ይዘጋል፤ ኩበቱና እንጨቱ ውስጥ ይነዳል፤ ሕፃኑም በእናቱ ጀርባ ሆኖ ጭሱን ይተነፍሳል። ጭስ የመተንፈሻ ቧንቧን ሽፋን ያቆስላል፤ ለሳንባ ምችም መንገድ ይጠርጋል። ስለዚህ ማድ ቤቱ ቢቻል ከመኝታው ይለይ፤ ባይቻል ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ ይከፈት፤ እንጨቱም ደርቆ ይንደድ። እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው። ከብቱም ከሰው ጋር በአንድ ክፍል አይደር፤ ቢያንስ ግድግዳ ይለያቸው።

አራስ ልጅን ከጠዋት ፀሐይ አትሸሽጉት። ምች የምትፈሩ ብትሆኑ የጠዋቷ ፀሐይ ለስላሳ ናት፤ ጥቂት ደቂቃ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አሙቁት። ፀሐይ በቆዳው ላይ የምትሠራው ቫይታሚን ዲ አጥንቱንም ዘበኛውንም ያበረታል። ልጆች ማታ በጊዜ ይተኙ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ቶሎ ይረታል። ለትንንሽ ልጆች ጠላ ማቅመስ ይቅር፤ አዋቂውም አረቄ ሲያበዛ የገዛ ዘበኛውን እንደሚያሰክር ይወቅ።

ሌባውን ለዘበኛው ማስተዋወቅ

በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጎንደር ሲገባ በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ሲፈጅ አገኘ። የቁስቋም ግንብና ዘበኛ ፈንጣጣን አልመለሱትም። ዛሬ ግን ከመካከላችን ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ልጅ አለ? የለም። በክትባት ብርታት በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ግንብ ያልቻለውን ክትባት ቻለው።

ክትባት ማለት የደከመ ወይም የሞተ ተሕዋስ፣ ወይም ቁራሹን፣ ለዘበኛው ማሳየት ነው። ጦጣዋ ከመምጣቷ በፊት መልኳን እንደ ማሳየት ቁጠሩት። ልጅ እንደ ተወለደ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ይከተባል። ያለ ዋጋ ነው። ከመርፌው በኋላ ጥቂት ቢያተኩሰው አትደንግጡ፤ ዘበኛው ትምህርቱን ሲማር ነው። የመጨረሻዎቹን፣ የኩፍኙን ሁለት ክትባት፣ «ልጄ ደኅና ነው» ብላችሁ አታስቀሩ። ኩፍኝ ክፉ ነው፤ ዘበኛው ቀድሞ የተማረውን ሌላውን በሽታ ሁሉ ሊያስረሳው ይችላልና።

ዘበኛው የማያውቀው በሽታ ምን እንደሚያደርግ አገራችን በብዙ ኀዘን ተምራለች። በ1953 (እ.ኤ.አ.) በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.)፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ማሠማራት ጀመረ። ዛሬም ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርድ ጎልማሳ የቆላው ሰው ያለው የወባ ልምድ በሰውነቱ የለም። ስለዚህ አጎበር ሳይዝ አይውረድ፤ ትኩሳት ቢይዘውም ውሎ ሳያድር ይመርመር። ትኩሳቱ ሳምንታት ቆይቶ ሆዱ ቢያብጥና ቢከሳ ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ ራሱን ዘበኛውን የሚያዳክም ነውና ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ነጭ ሽንኩርቱና ፌጦውስ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ብዙ ሰው ወደ ገበያ ሮጦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ሎሚ ገዛ። እነዚህ መልካም ቅመሞች ናቸው፤ በወጥ በሻይ ብትጠቀሙባቸው አልቃወምም። ነገር ግን በአንድ ቀን የሚበላ፣ ዘበኛን በድንገት የሚያስነሣ ቅመም የለም። ዘበኛው የሚበረታው በየዕለቱ በሚቀርብለት ምግብ ነው። ፌጦ ለሕፃን ሆድ ይከብዳል፤ ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ። ከጎረቤት የተረፈ የአንቲባዮቲክ ኪኒን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጡ፤ ለጉንፋን አይረባም፤ ተሕዋሱንም መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል።

ዘበኛው ሲሸነፍ

የበረታ ዘበኛም የሚሸነፍበት ቀን አለ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡቱም ምግቡም አይቁረጥ፤ ኦ አር ኤስ የተባለውን ዱቄት አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በማንኪያ ስጡት፤ ያደረውን ድፉ። ከጤና ኬላ የሚሰጣችሁን የዚንክ ኪኒን አሥር ቀን ጨርሱ። ነገር ግን ልጁ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሰገራው ደም ከያዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ነገ ገበያ ስንወጣ እናሳየዋለን አትበሉ። በዚያው ሰዓት ተነሡ። ጠበልም ብትወስዱት ሐኪም ቤቱንም አትተዉ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ይኸን ሁሉ በአንድ ቀን አድርጉ አልላችሁም። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከሦስቱ አንዱን ጀምሩ፤ ወይ የተበሳ ጄሪካን ስቀሉ፣ ወይ ለልጁ ድስት ለዩ፣ ወይ የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ የቀረ እንዳለ ተመልከቱ። ማንበብ የማትችሉ የተማረ ልጃችሁ ያንብብላችሁ፤ ወይም የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛውን ጨምሩ። ይህን ወረቀትም አንብባችሁ ስታበቁ ለጎረቤት አሳልፉት፤ በተለይም ለመውለድ ለተቃረበች ሴት። እንገሩ የሚደፋው አንድ ጊዜ ነው፤ ከተደፋም በኋላ አይመለስምና።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና፣ እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ጤና ይስጥልኝ።